አሳማና ሰው በአንድ ግቢ፦ የቡሲያ የጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ከኪሱሙ ወደ ቡሲያ

ምዕራብ ኬንያ፣ ኪሱሙ ከተማ ውስጥ ማታቱው (ሚኒባስ ታክሲው) እስኪሞላ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። የኪሱሙ ወበቅ ገና በጠዋቱ ያፍናል። መኪናው ተነስቶ ንፋስ ሲገባ ነው ሰው ሁሉ እፎይ ያለው። መንገዱ ማሴኖ ላይ የምድር ወገብን ያቋርጣል። ከዚያ በሉዋንዳ፣ በያላና በኡጉንጃ አልፎ ወደ ኡጋንዳ ድንበር ያመራል። ግራ ቀኙ በቆሎ፣ ካሳቫና ሸንኮራ አገዳ ነው። ወደ ቡማላ ስንቃረብ አሳማዎች መታየት ጀመሩ። አንዷ ከነግልገሎቿ የመንገድ ዳር ቦይ ትቆፍራለች። ሌላው እግሩ በገመድ ታስሮ ማንጎ ዛፍ ሥር ተኝቷል።

ወደዚህ ያመጣኝ የአሳማ ኮሶ ነው። ሳይንሱ ቴኒያ ሶልየም ይለዋል። እኛ አገር ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን ኮሶ የማያውቅ የለም። ያ የከብት ነው። አንጀት ውስጥ ይቀመጣል፣ ያስቸግራል፣ መድኃኒት ሲወሰድ ይወጣል። የአሳማው ግን ሌላ ጠባይ አለው። እጩ፣ ማለትም ገና ያላደገው ትል፣ ሰው አንጎል ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ይችላል። ያኔ የሚጥል በሽታ ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትሉ በተስፋፋባቸው ብዙ አካባቢዎች ከሚጥል በሽታ 30 በመቶው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከአሳማ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ በሽታ ሲወራ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው ሌላ ነው። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አለ። ከ1998 እስከ 1999 ማሌዥያ ውስጥ ከአሳማ እርባታዎች ተነስቶ 105 ሰዎችን የገደለው የኒፓ ቫይረስ አለ። ያኔ አንድ ሚሊዮን ያህል አሳማ ተወግዷል። ለእነዚህ ካሜራ ይመጣል፣ ገንዘብ ይመደባል። ለኮሶው ማንም አይሮጥም። እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው፤ ምክንያቱም መከላከል ከሚቻሉት በሽታዎች አንዱ ነውና።

ቡሲያ ስንደርስ መሽቷል። ድንበሩ ላይ የጭነት መኪናው ሰልፍ ዓይን አይጨርሰውም።

ማክሰኞ፣ መንደር

ከአንድ የእንስሳት ጤና ረዳት ጋር በሞተር ወጣን። ወጣት ነው፣ መንደሩን እንደ ቤቱ ያውቀዋል። የገባንበት ግቢ ባለቤት ሃምሳዎቹን ያለፉ ሴት ናቸው። እዚህ እንዲህ ያሉ እናት «ማማ» ነው የሚባሉት፣ እኔም እንደዚያው ጠራኋቸው። ወንበር አወጡልን፣ ሻይ አፈሉልን፣ ከዚያ ወደ አሳማዎቹ ወሰዱን።

አንዲት እናት አሳማና ሁለት ያደጉ ግልገሎች አሏቸው። ላም የላቸውም። «ላም ለመግዛት ዕድሜዬ አይበቃም» አሉኝ። ግልገል ግን በትንሽ ብር ይገዛል፣ የቤት ትራፊ ይበላል፣ በወራት ውስጥ ያድጋል። የኡጋሊ (የበቆሎ ገንፎ) ፍርፋሪ፣ የስኳር ድንች ሐረግ፣ ከጎረቤት የሚመጣ የጠላ አተላ ይቀለባል። ተርሙ ሲከፈት አንዱ ይሸጥና የልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ይሆናል። ይህን ሳያዩ አሳማ ማርባት ይቅር ማለት ቀላል ነው። እኔ እንደዚያ የሚል ሰው ስሰማ አሁን ትዕግሥቴ ያልቃል።

አሳማዎቹ የሚታሰሩት ሰብል መሬት ላይ ሲኖር ነው። የጎረቤት በቆሎ ከበሉ ጠብ ይነሳል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ገመዱ ይፈታል። እዚሁ ምዕራብ ኬንያ ተመራማሪዎች አሳማዎች አንገት ላይ ጂፒኤስ አስረው ተከታትለዋቸው ነበር። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው አንድ አሳማ በ12 ሰዓት ውስጥ በአማካይ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ግማሽ የሚጠጋውን ጊዜ የሚያሳልፈውም ከባለቤቱ ግቢ ውጭ ነው። ስለዚህ የእኔ አሳማ የበላውን እኔ አላውቅም። ያንተን ሽንት ቤት ዞሮት ሊመጣ ይችላል።

የማማ ሽንት ቤት ጓሮ ነው። የጉድጓድ ነው። ባለፈው ዝናብ አንዱ ግድግዳ ወድቆ በጆንያ ተጋርዷል። ትልልቆቹ ይጠቀሙበታል። ትንንሾቹ ጉድጓዱን ስለሚፈሩ ሙዙ ሥር ይሄዳሉ። ማማ ይህን ሲነግሩኝ አላፈሩም። እኔም የማፍርበት ምክንያት አላየሁም። የበሽታው ቁልፍ ያለው እዚያ ሙዝ ሥር ነው።

ነገሩ እንዲህ ይዞራል። ሰው በደንብ ያልበሰለ፣ እጭ ያለበት የአሳማ ሥጋ ይበላል። እጩ አንጀቱ ውስጥ አድጎ በሜትር የሚለካ ትል ይሆናል። ሰውየው ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማውም። ትሉ ግን በየጊዜው ቁራጭ እየጣለ በዓይነ ምድር ይወጣል፤ አንዷ ቁራጭ እስከ 50 ሺህ እንቁላል ልትይዝ ትችላለች። አሳማ ያንን ሲበላ እንቁላሉ ይፈለፈልና እጩ ጡንቻው ውስጥ ከረጢት ሠርቶ ይቀመጣል። ሥጋው ሲበላ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። ሰው በእጅ፣ በውኃ ወይም ባልታጠበ አትክልት እንቁላሉን ከዋጠ ደግሞ እሱ ራሱ በአሳማው ቦታ ይገባል። እጩ በደም ተጉዞ ጡንቻው፣ ዓይኑ ወይም አንጎሉ ውስጥ ያርፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንጎል ውስጥ የሚገባው ከሥጋው በቀጥታ አይደለም። ሥጋው የሚሰጠው የአንጀቱን ትል ነው። አንጎልን የሚጎዳው ከሰው የወጣው እንቁላል ነው። አሳማውን ያስያዘውም ሰው ነው።

ረዳቱ አንዱን አሳማ ሊያሳየኝ ፈለገ። ሁለት ልጆች በገመድ ጣሉት። ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል። አፉን በእንጨት ከፍቶ ምላሱን በጨርቅ ስቦ ከሥሩ በጣቱ ዳሰሰ። እጭ በብዛት ካለ ስንዴ የሚያክሉ እብጠቶች እጅ ላይ ይመጣሉ። ይህ አሳማ ምንም አልተገኘበትም። ማማ ደስ አላቸው፣ ረዳቱ ግን ጥንቃቄ ጨመረበት፦ «ምላሱ ንጹሕ ነው ማለት ሥጋው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፣ ማማ። ጥቂት ከሆነ እጄ አያገኘውም።»

ነጋዴዎችም ይህን ዘዴ ያውቃሉ። ምላስ ዳስሰው እብጠት ካገኙ ዋጋ ይሰብራሉ ወይም ጥለው ይሄዳሉ። ያ አሳማ ግን አይጠፋም። በሚቀጥለው ቀን በርካሽ የሚገዛው ይመጣል፣ ወይም ማታ ጓሮ ይታረዳል። ድሃ ሰው ወራት የቀለበውን እንስሳ በገዛ እጁ ይቅበር ማለት ከባድ ነው። ካሳ የሚከፍለው የለም።

ረቡዕ፣ ቄራውና ጥብስ ቤቱ

ጠዋት አንድ ትንሽ የገጠር ቄራ ሄድን። ቄራ ስል ትልቅ ሕንፃ አይታሰብ። የሲሚንቶ ወለል፣ ጣሪያ፣ መስቀያ ብረትና የውኃ በርሜል ነው። የሥጋ መርማሪው ምላስ፣ ልብና ትከሻ ላይ በቢላ ሰንጠቅ ሰንጠቅ እያደረገ ያያል። ደህና ከሆነ ማኅተም ይመታበታል። ሥራውን ጠንቅቆ ይሠራል። ችግሩ እሱ ጋ የማይደርሰው ሥጋ ነው። ለሠርግ፣ ለቀብርና ለገና ግቢ ውስጥ የሚታረደውን ማን ያየዋል?

ማታ ጥብስ ቤት ተቀመጥን። ሥጋው በትልቅ መጥበሻ ይጠበሳል፣ ከኡጋሊና ከጎመን ጋር ይቀርባል። ውስጡ ድረስ የበሰለ ሥጋ ትሉን አይሰጥም። እጩ ሙቀት አይችልም። እዚህ እኔን ያሳሰበኝ የመታጠቢያው ነገር ነው። ለእንግዳው ውኃና ሳሙና አለ። ከኋላ ጎመን ለሚከትፈው ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ባለቤቱ ተነስቶ አሳየኝ፣ አለ። ደስ አለኝ። ምክንያቱም ትሉን የያዘ አንድ ሰው እጁን ሳይታጠብ ምግብ ከነካ፣ ሥጋ ቀምሶ የማያውቅ ሰውም ሊታመም ይችላል።

አሳማ ስለማንበላ አይመለከተንም ለሚል አንባቢ አንድ ታሪክ አለ። በ1992 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ውስጥ የአሳማ ሥጋ የማይነኩ ኦርቶዶክስ አይሁድ ቤተሰቦች ላይ ይህ የአንጎል በሽታ ተገኝቶ በሕክምና መጽሔት ወጣ። ሲጣራ ምንጩ ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉት፣ ትሉ ከተስፋፋባቸው የላቲን አሜሪካ አገሮች መጥተው በየቤቱ የሚሠሩ ሠራተኞች ነበሩ። እነሱም መያዛቸውን አያውቁም ነበር።

ሐሙስ፣ ልጅቷ

ይህን ቀን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን የመጣሁት ለዚህ ነው።

የ14 ዓመት ልጅ ናት፣ የሚጥል በሽታ አለባት። ግራ እጇ ከክርኗ በታች የቃጠሎ ጠባሳ አለው። እሳት ዳር ተቀምጣ ኡጋሊ ስታማስል ጣላት፣ ማንም አጠገቧ አልነበረም። መጀመሪያ ያመማት 11 ዓመቷ ላይ ነው። አባቷ ወደ ጸሎት ቤት ወሰዷት፣ ከዚያ ወደ ባህል ሐኪም። መናፍስት ነው ተባለ። ጎረቤት ስትወድቅ አይነኳትም፣ ምራቋ ይተላለፋል ብለው ይፈራሉ። ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ ክፍል ውስጥ ከጣላት በኋላ ቀረች።

አባትየውን «አባባ፣ ማን ይሻላል ብሎ መከርዎት?» አልኳቸው። «ሁሉም» አሉ። «ሁሉም አንድ አንድ ነገር ነገረኝ።» እኔ ከአዲስ አበባ መጥቼ በዚህ ልፈርድ አልችልም። እኛም ጋ የሚጥለው ሰው አፍንጫ ሥር ክብሪት ይጫራል እንጂ ወደ ጎን ተኝቶ በደንብ እንዲተነፍስ አይደረግም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያገኘሁት ክሊኒካል ኦፊሰር (እኛ ጤና መኮንን የምንለው) በጥንቃቄ ነው የሚናገረው። የሚጥል በሽታ ሁሉ ከአሳማ ኮሶ አይመጣም አለኝ። የወሊድ ጉዳት አለ፣ ወባ አንጎል ላይ ሲወጣ አለ፣ ማጅራት ገትር አለ። የልጅቷ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የአንጎል ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። ለዚያ ከተማ መሄድ፣ ትራንስፖርት መክፈል፣ ምርመራውን መክፈል አለ። አባትየው ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። መጠኑ ሲነገራቸው በልባቸው ሲያሰሉ ይታያል።

እጩ አንጎል ውስጥ ለዓመታት ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ሲሞት ወይም ሰውነት ሲያጠቃው ነው ዙሪያው የሚቆጣውና መጣሉ የሚጀምረው። ለዚህ ነው ሰው ምክንያቱን ከሥጋውም ከሽንት ቤቱም ጋር ማገናኘት የሚያቅተው። በሽታው የሚታየው መንስኤው ከተረሳ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምልክት ያላቸውንም የሌላቸውንም ደምሮ በዓለም ላይ ከ2.56 እስከ 8.3 ሚሊዮን ሰው እጩ አንጎሉ ውስጥ እንዳለ ይገምታል።

ደግነቱ መጣሉን ለማቆም ሲቲ ስካን መጠበቅ የለበትም። ፌኖባርቢታል የሚባለው አሮጌ መድኃኒት አለ። እንዲህ ያለው ሕክምና በዓመት እስከ 5 ዶላር ዝቅ ባለ ወጪ ሊሰጥ ይችላል። ልጅቷ ጀምራዋለች። ከጀመረች ወዲህ የጣላት አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም መድኃኒቱ አልቆ በነበረበት ሳምንት። በዓመት 5 ዶላር የሚያወጣ መድኃኒት የሚያልቅበት ምክንያት ለእኔ አይዋጥልኝም። ልጅቷ ትምህርት መመለስ ትፈልጋለች። ሒሳብ ትወዳለች።

ዓርብ፣ ዝናብ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ፣ መንገዱ ለሞተር አይሆንም። ረዳቱ ጋ ቁጭ ብለን የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ስለሚባለው ወረርሽኝ አወራን። በሽታው መጀመሪያ የተገለጸው እዚሁ ኬንያ ነው፣ በ1921 (እ.ኤ.አ.)። ሰው አይዝም። አሳማን ግን ይፈጃል፣ ፈውስም የለውም። በ2018 ቻይና ገብቶ ያደረሰው ጥፋት ይታወቃል።

ሰውን ካልያዘ እዚህ ምን አገባው? ረዳቱ መለሰልኝ። ወሬው መንደር ሲገባ ሰው አሳማው ሳይሞትበት ለመሸጥ ይሯሯጣል። የታመመውም ያልታመመውም በአንድ ቀን ገበያ ይወጣል። መርማሪ አይጠራም፣ ምላስ የሚዳስስ የለም። ሥጋ ርካሽ ይሆናል፣ ሁሉም ይበላል። የአሳማው በሽታ ለሰው በሽታ በር ይከፍታል ማለት ነው። ይህን ከዚህ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ፣ ድንበሩን ተሻግሮ

ቡጊሪ ከድንበሩ ወዲያ፣ ኡጋንዳ ውስጥ፣ ወደ ጂንጃ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። የሄድኩት ለሙጃሌ ነው። ገጠር ያደገ ሰው አሳክኮት፣ እናቱ በመርፌ አውጥታለት ያውቃል። ቁንጫዋ ወደ ቆዳ ትገባለች፣ እንቁላሏን ይዛ ታብጣለች። በዚህ አካባቢ በተደረገ ጥናት አሳማ ዋነኛ ተሸካሚዋ መሆኑ ታይቷል።

አንድ ግቢ ውስጥ የአሳማውን ሰኮና አነሱልኝ። ከሰኮናው በላይ ያለው ቆዳ በእብጠት ተሞልቷል። ቀጥሎ የልጁን እግር አየሁ። ስድስት ዓመቱ ነው፣ በተረከዙ ነው የሚራመደው። ጣቶቹ መሬት ሲነኩ ያመዋል። ልጁና አሳማው አንድ አፈር ላይ ነው የሚውሉት። ልጁ ታክሞ አሳማው ካልታከመ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይይዘዋል። በዚያ ላይ በአንድ መርፌ የቤተሰቡን ሁሉ እግር መውጋት ሌላ በሽታ ያስተላልፋል። ዳይሜቲኮን የሚባል ቀጭን የሲሊኮን ዘይት አለ፣ ቁንጫዋን አፍኖ ይገድላል፣ መርፌም አይፈልግም። በየመንደሩ ሱቅ ግን አይገኝም።

እሁድ፣ ማን ይክፈል?

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማማ ቤት ምሳ ተጠራን። ረዳቱም አንድ ጓደኛውን፣ የእንስሳት ሐኪም የሆነ፣ ይዞ መጣ። ወሬው ወደ መፍትሔው ዞረ።

መፍትሔው አለ፣ ሊያናድድ በሚችል መጠን አለ። ለአሳማው ክትባት አለ። ቲሶል 18 ይባላል፣ አውስትራሊያ ሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠርቶ አሁን ህንድ ውስጥ ይመረታል። አዲስ እጭ እንዳይገባ ይከላከላል። ቀድሞ የገባውን ደግሞ ኦክስፌንዳዞል በአንድ ጊዜ መጠን ይገድላል። ከዚያ በኋላ አሳማው ለተወሰኑ ሳምንታት አይታረድም። ሰሜን ካሜሩን በተደረገ ሙከራ ሁለቱን ያገኙ አሳማዎች ውስጥ አንድም እጭ አልተገኘም። ለሰው ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል አሉ። ኒክሎሳማይድ ከአንጀት ስለማያልፍ አንጎል ውስጥ ያለውን አይነካም። ፕራዚኳንቴል ግን ያልታወቀ እጭ አንጎሉ ውስጥ ያለበትን ሰው ሊጥለው ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል።

ሁሉም በአንድ ላይ ሲሠራ ምን እንደሚሆን ፔሩ አሳይታለች። ቱምቤስ በሚባለው ሰሜናዊ ክልል ሰውንም አሳማንም አብረው አከሙ፣ አሳማዎቹንም ከተቡ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ውጤት ከ107 መንደሮች በ105ቱ መተላለፉ መቆሙን አሳየ።

ማማ በጥሞና አዳመጡና ሐኪሙን ጠየቁት። «ክትባቱን ካስከተብኩ አሳማዬ ይወፍራል?» አይወፍርም አላቸው። እጭ ያለበት አሳማ ብዙ ጊዜ ታሞ አይታይም፣ በልቶ ያድጋል። «ነጋዴው ተጨማሪ ይከፍለኛል?» አይከፍልም። «ታዲያ ብሩን ከየት ላምጣ፣ ልጄ?»

ሐኪሙ መልስ አልነበረውም፣ ቢኖረው ይገርመኝ ነበር። የማማ ጥያቄ ትክክል ነው። ክትባቱ የሚያድነው አንጎል ምናልባት የሐሙሷ ልጅ ዓይነት ነው፣ ሦስት ግቢ አልፎ የሚኖር፣ አሳማ የሌለው ቤተሰብ ልጅ። ማማ ከፍለው ጥቅሙ ለሌላ ከሆነ፣ ሒሳቡን ማማ ላይ መጣል አይገባም። ለልጆች ኩፍኝ ክትባት እናቶች በየመንደሩ አይከፍሉም። የአሳማው ክትባት ለሰው ጤና የሚሰጥ ክትባት ነውና በዚያው መንገድ በሕዝብ ገንዘብ መሰጠት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሐኪሙ ሌላ ቋጠሮ ነገረኝ። ወጪው የሚወጣው ከእንስሳት በጀት ነው፣ ትርፉ የሚታየው በጤና ሪፖርት ላይ ነው። ለአሳማ የሚያወጣው ቢሮ አንድም የሚጥል በሽተኛ ቆጥሮ አያውቅም። በሽተኛ የሚቆጥረው ቢሮ የአሳማ ጉዳይ አይመለከተውም። በዚያ ላይ አሳማ ቶሎ ታርዶ ሌላ ይተካል፣ ስለዚህ አንዴ ከትቦ መሄድ አይበቃም፣ በየጥቂት ወሩ መመለስ ያስፈልጋል።

እስከዚያው ማማ በራሳቸው አቅም የሚሆነውን ያውቃሉ። የሽንት ቤቱን ግድግዳ ሊያስጠግኑ ነው፣ ለትንንሾቹ ደግሞ ጉድጓዱ ላይ ጠበብ ያለ መቀመጫ ይሠራል። አሳማዎቹን ዓመቱን ሙሉ በበረት ለማዋል ግን መኖ ከየት እንደሚመጣ ገና አልተፈታም። ሐኪሙ ማክሰኞ ከአንድ የጤና ኃላፊ ጋር ቀጠሮ አለው። የሚጥል በሽታ መዝገቡንና የአሳማ ቆጠራውን መንደር በመንደር አስተያይቶ ይዞ ሊሄድ፣ ከየትኛው መንደር ቢጀመር እንደሚሻል በቁጥር ሊያሳይ ነው። ረዳቱ የማማን መንደር ሉህ ከምሳ በኋላ እዚያው ጠረጴዛ ላይ መሙላት ጀመረ።